የአሮጌ ፒክ አፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ፦ ማደስ ወይስ መለወጥ?

ዕቃውን ከጉምሩክ መጋዘን ወደ መደብሩ፣ ከመደብሩም ወደ ደንበኛው ለሚያመላልስ ነጋዴ ፒክ አፕ መኪና እንደ ሁለተኛ ሱቅ የሚቈጠር ነው። መኪናው በቆመ ዕለት የኪራይ ወጪ ይጀምራል፤ በቀጠሮ ሊደርስ የሚገባው ዕቃ ይዘገያል፤ ደንበኛም ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ከመኪና ብልሽቶች መካከል ደግሞ ከሞተር ቀጥሎ የባለንብረቱን ኪስ አጥብቆ የሚፈትነው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ብልሽት ነው።

ይህ ጉዳይ በአገራችን ካለፈው ዘመን ይልቅ ዛሬ የበለጠ ትኩረት የሚሻ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በመደረጉም ከባሕር ማዶ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲሰላ ዋጋው እጅግ ከፍ ብሏል። እንግዲህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማኖር የቁጠባ ብቻ ሳይሆን የንግዱ ህልውና ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ለነጋዴዎቻችን ልናስረዳ የምንወደው አንድ ዋና ነገር አለ። ይኸውም ካምቢዮ ያለ ምክንያት አይሞትም፤ የገደለው ምክንያት ሳይወገድ በምትኩ የሚገባው ካምቢዮም የቀደመውን መከተሉ አይቀርም የሚል ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ካምቢዮው እንዴት ይሠራል?

አውቶማቲክ ካምቢዮ አዲስ ነገር አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ለኦልድስሞቢል አውቶሞቢል አወጣ፤ በ1954 ደግሞ በሸቭሮሌ ፒክ አፕ መኪናዎች ላይ በአማራጭ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ብዙ ቢለወጥም መሠረቱ ያው ነው።

በእጅ በሚለወጠው ካምቢዮ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲኩ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ኮንቨርተር የተባለው በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ ነው። የወንዝ ውሃ የወፍጮውን መዘውር እንደሚያዞረው ሁሉ፣ ሞተሩ የሚወረውረው ዘይት በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለውን ሌላውን ክንፍ ያዞራል። ከኮንቨርተሩ በስተኋላ በአንድ መካከለኛ ጥርስ ዙሪያ የሚዞሩ የጥርስ ስብስቦች አሉ። እነዚህን በየተራ የሚይዙና የሚለቁ ቀጫጭን የፍሪሲዮን ዲስኮችና ባንዶችም አብረው ተሰናድተዋል። ዲስኮቹን የሚጫናቸው የዘይት ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚያመነጨው በሞተሩ ኃይል የሚዞር ፖምፓ ነው፤ ግፊቱ ወደ የትኛው ክፍል እንዲሄድ የሚያዝዘው ደግሞ ቫልቭ ቦዲ የተባለው ብዙ ጠባብ መንገዶች ያሉት ክፍል ነው። በኋላ ዘመን በወጡት መኪናዎች ይህን ትእዛዝ የሚሰጡት በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ሶሌኖይዶች ናቸው።

ከዚህ እንደምንረዳው ዘይቱ አራት ሥራ አለው፤ ኃይል ያስተላልፋል፣ ዲስኮችን ይጫናል፣ ጥርሶችን ያለሰልሳል፣ ሙቀትንም ይዞ ይወጣል። ዘይቱ የተበላሸበት ካምቢዮ አራቱም አገልግሎት በአንድ ጊዜ ይጐድልበታል።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው

በኮንቨርተሩ ውስጥ የዘይቱ መወራወር ሙቀት ያመነጫል። ሙቀቱን ለማውጣት ዘይቱ በሁለት ቱቦዎች ወደ ራዲያተሩ ሄዶ፣ በራዲያተሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ማቀዝቀዣ አልፎ ይመለሳል። በደህና ጊዜ የዘይቱ ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ከ120 ዲግሪ ሲያልፍ ዘይቱ ይቃጠላል፣ ቫልቮቹን እንደ ቫርኒሽ ይለብጣል፣ ፓራሊዮዎችንም ያደርቃል። በሙያው በተለመደው ግምት ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ እንደገና ወደ ደጀን ሲወጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይጋፈጣል። ከመጠን በላይ የተጫነ ፒክ አፕ ይህን ዳገት በከፍተኛው ማርሽ እየተንገታገተ ቢወጣ ዘይቱ ይፈላል። ራዲያተሩ በዝቃጭ የተዘጋ ከሆነም ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ በዳገት ጊዜ «ኦቨር ድራይቭ» የተባለውን ከፍተኛ ማርሽ ማጥፋት፣ በቁልቁለትም ፍሬን ብቻ ከመያዝ ይልቅ እጀታውን ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ማውረድ ያስፈልጋል።

ሌላው ተደጋጋሚ ስሕተት መጐተት ነው። ፖምፓውን የሚያዞረው ሞተሩ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ የኋላ ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ በገመድ የሚጐተት መኪና ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፈጫል። ጥቂት ኪሎ ሜትር የተጐተተ መኪና በትንሽ ብልሽት ቆሞ በትልቅ ብልሽት ጋራዥ ሊገባ ይችላል። የኋላ ጎማዎች ተነሥተው ወይም መኪናው በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ መሄድ ይገባዋል። ገፍቶ ማስነሣትም ለዚህ ዓይነት መኪና አይሆንም።

ከመፍታት በፊት የሚደረግ ምርመራ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ መኪናው ማርሽ አልይዝ ባለ ቁጥር ካምቢዮ ለመግዛት መሮጥ አይገባም። ብዙ ጊዜ በሽታው ከካምቢዮው ውጭ ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ጋራዡን የሚከተሉት አምስት ነገሮች በቅደም ተከተል እንዲታዩለት ይጠይቅ።

1ኛ/ ዘይቱ። መኪናው በተስተካከለ ሜዳ ቆሞ፣ በጉዞ ሞቆ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሞተሩም እየሠራ በመለኪያ ዘንጉ ይታያል። በአብዛኞቹ መኪናዎች እጀታው በ«ፒ»፣ በአንዳንዶቹ በ«ኤን» ላይ ሆኖ መለካት አለበት። ዘይቱ ካነሰ ፖምፓው አየር ይስባል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ማርሹም ዘግይቶ ይይዛል። ከልክ በላይ ከበዛም አረፋ ይሆናል። ቀይ መልክ ያለው ዘይት ደህና ነው፤ ጠቁሮ የእሳት ሽታ ያለው ዲስኮቹ መቃጠላቸውን ያሳያል፤ እንደ ወተት የነጣ ሮዝ መልክ ያለው ደግሞ የራዲያተሩ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

2ኛ/ ቱቦና ኬብል። እንደ ጄኔራል ሞተርስ ተርቦ ሃይድራማቲክ 350 እና እንደ ፎርድ ሲ6 ባሉ የቀድሞ የአሜሪካ ካምቢዮዎች ማርሽ የሚለወጥበትን ጊዜ የሚወስነው ከሞተሩ በጐማ ቱቦ የሚመጣ ባዶ አየር ነው። ቱቦዋ ከተሰነጠቀች ማርሹ ዘግይቶና በኃይል ይለወጣል። በሌሎች ላይ ይህን የሚያደርገው ከነዳጅ መስጫው ጋር የተያያዘ ኬብል ነው። በተርቦ ሃይድራማቲክ 700 አር4 ላይ ይህ ኬብል ከላላ ግፊቱ ወርዶ ዲስኮቹ በአጭር ጊዜ ይቃጠላሉ።

3ኛ/ የኤሌክትሪኩ ክፍል። በቀድሞዎቹ የቶዮታ መኪናዎች «ኦቨር ድራይቭ ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒዩተሩ ስሕተት መዝግቧል ማለት ነው። የባትሪው ራስ፣ የሻንሲው ማያያዣ ሽቦ፣ የፍጥነት መለኪያው ሴንሰርና የሶሌኖይዶቹ መሰኪያ መጀመሪያ ይፈተሹ። በአንድ የዛገ መሰኪያ ምክንያት ካምቢዮ የለወጠ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አፍስሷል።

4ኛ/ ግፊቱ። በካምቢዮው ጎን ባለው ቀዳዳ ማኖሜትር ተገጥሞ ግፊቱ ይለካል። በሁሉም ማርሾች ዝቅ ካለ ፖምፓው፣ ፊልትሮው ወይም የግፊት መቈጣጠሪያው ይጠረጠራል። በአንድ ማርሽ ብቻ ዝቅ ካለ ግን በዚያ መስመር ላይ ያለ ማኅተም ማለቁን ያመለክታል።

5ኛ/ ኮፓው። የታችኛው ኮፓ ወርዶ ዝቃጩ ይታይ። በማግኔቱ ላይ የተለጠፈ ጥቂት ግራጫ ዱቄት የተለመደ መበላት ነው። የጥቁር ጨርቅ ፍርፋሪ ከዲስኮች፣ ቢጫ ብረት ከቦኮላዎች፣ የአሉሚኒየም ስባሪ ከካምቢዮው አካል ወይም ከፖምፓው የመጣ ነው። ይህ ከታየ ካምቢዮው መፈታት እንዳለበት አያጠራጥርም።

የሚመረጡት መንገዶች

ምርመራው ከተፈጸመ በኋላ ባለንብረቱ ፊት የሚቆሙት መንገዶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ካምቢዮው ሳይወርድ በቦታው መጠገን ነው። ዘይትና ፊልትሮ መለወጥ፣ ሶሌኖይድ መተካት፣ ቫልቭ ቦዲውን አውርዶ ማጠብ በዚህ ይመደባሉ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የተቃጠለ ዲስክ በአዲስ ዘይት አይድንም። በኮፓው በኩል የሚፈሰው ዘይትም ከጠቅላላው ከግማሽ በታች መሆኑን፣ የቀረው በኮንቨርተሩ ውስጥ እንደሚቆይ መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው ካምቢዮውን አውርዶ ሙሉ በሙሉ ማደስ ነው። የጓርኒሲዮን፣ የፓራሊዮ፣ የዲስክና የቦኮላ ሙሉ ጥቅል ተገዝቶ ሁሉም በአንድነት ይለወጣል። በዚህ ጊዜ የተበላሸው አንዱ ዲስክ ብቻ ነው ብሎ ሌላውን መተው ኪሳራ ነው፤ የጉልበቱ ዋጋ አንድ ሆኖ ሳለ ካምቢዮውን ሁለት ጊዜ ማስወረድ ይመጣልና። ዲስኮቹ የተቃጠሉበት ካምቢዮ ኮንቨርተርም መለወጥ ይኖርበታል፤ በውስጡ የቀረው ፍርፋሪ ታጥቦ ሊወጣ አይችልም። ይህ መንገድ የሚመረጠው በዚያ ዓይነት ካምቢዮ ላይ የተፈተነ ባለሙያ ሲገኝ ነው። ንጹሕ ክፍል፣ የመለኪያ መሣሪያና የፋብሪካው መጽሐፍ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ አልቀበልም ቢል ሊመሰገን ይገባዋል።

ሦስተኛው ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ካምቢዮ መግዛት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ በብዛት የሚገኘው በሻርጃ የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ ሲሆን በአዲስ አበባም በመርካቶ ሶማሌ ተራ ይሸጣል። ዋጋው ከታደሰው ይቀላል፤ ነገር ግን የቀድሞ ኑሮውን ማንም አያውቅለትም። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ዘይቱን አሽትቶ፣ ከተቻለም ኮፓውን አስከፍቶ ይይ። ዘይቱ ፈጽሞ ፈሶ ለብዙ ጊዜ አየር ላይ የቆየ፣ ቀዳዳዎቹ ያልተደፈኑ ካምቢዮ አቧራና ዝገት የገባበት ስለሚሆን ይታለፍ።

አራተኛው በፋብሪካ ወይም በታወቀ ልዩ ሥራ ቤት የታደሰ ካምቢዮ ከውጭ ማስመጣት ነው። ዋጋው ከሁሉ ይበልጣል፤ ከዋስትና ጋር ስለሚመጣ ግን መኪናው በየቀኑ ለሚሠራ ድርጅት ሊያዋጣ ይችላል።

ከነዚህ ሌላ በእጅ ወደሚለወጥ ካምቢዮ መዛወርን የሚመክሩም አሉ። ይቻላል፤ ነገር ግን ካምቢዮውን መግዛት ብቻ አይደለም። ቮላኖ፣ ፍሪሲዮን፣ የፍሪሲዮን ፔዳልና ፖምፒኖው፣ የካምቢዮው መሸከሚያ፣ አንዳንዴም በርዝመት የሚለይ ትራስሚሲዮን ይፈልጋል። በኮምፒዩተር የሚሠራ ሞተር ከሆነም የሽቦው ሥራ ይጨመራል። ከተመሳሳይ የተፈታ መኪና ሁሉም ዕቃ በአንድነት ሲገኝ ካልሆነ በቀር ወጪው ከታሰበው ያልፋል።

ባለንብረቱ ከነዚህ ሲመርጥ የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይመልከት። የጉልበቱን ዋጋ፣ የአዲሱን ዘይትና የኮንቨርተሩን ዋጋ፣ መኪናው በሚቆምበት ቀን ሁሉ የሚከፈለውን ኪራይ ደምሮ፣ ድምሩን በዋስትናው ወራት ያካፍል። እንዲህ ሲሰላ ርካሹ ውድ፣ ውዱም ርካሽ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለአስመጪውና ለባለሱቁ

እንግዲህ አንድ የእህል ነጋዴ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መጥቶ «የሃይሉክስ አውቶማቲክ ካምቢዮ ስጠኝ» አለ እንበል። ባለሱቁ በዚህ ቃል ብቻ ዕቃ ቢያወጣለት ሁለቱም ይጐዳሉ። አይሲን የሚሠራው ኤ340 የተባለው ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ በቶዮታ ሃይሉክስና ፎር ረነር ላይ አለ፤ ኤ ደብልዩ 4 በሚል ስምም ከ1987 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በወጡት ጂፕ ቸሮኪ መኪናዎች ላይ ይገኛል። ውስጡ በብዙው ቢመሳሰልም ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው የፊት ቤቱና የኋላ ዘንጉ ስለሚለያይ አንዱ ለሌላው አይገባም። በራሱ በቶዮታም ዘንድ ኤ340ኢ ለኋላ ጎማ ነጂ፣ ኤ340ኤፍ ለአራት ጎማ ነጂ ነው። ስለዚህ የካምቢዮው ምልክት በመኪናው ላይ ከተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳ ተገልብጦ፣ የሻንሲ ቍጥሩና የሞተሩ ዓይነት ተጨምሮ ትእዛዙ በጽሑፍ ይቅረብ።

ሰሌዳው በጠፋባቸው የሸቭሮሌ መኪናዎች ላይ የኮፓው ቡሎኖች ቍጥር ይረዳል፤ ተርቦ ሃይድራማቲክ 350 ባለ 13፣ 700 አር4 ደግሞ ባለ 16 ቡሎን ነው።

በዘይት ንግድም እንዲሁ ጥንቃቄ ያሻል። ቀዩ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። ለቀድሞዎቹ የቶዮታና የጄኔራል ሞተርስ ካምቢዮዎች ዴክስሮን ሁለትና ሦስት የተባሉት፣ ቀጥሎ ለመጡት የቶዮታ ካምቢዮዎች ቲ-አራት፣ ለኋለኞቹ ደብልዩ ኤስ ታዝዘዋል። ደብልዩ ኤስ የሚጠቀሙት በብዛት የመለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ ልካቸው የሚታየው ዘይቱ በታዘዘለት ሙቀት ላይ ሳለ ከሥር ባለ ቡሽ ነው። ባለሱቁ የመኪናውን ዓይነት ሳይጠይቅ «ሁሉም ያው ነው» ብሎ ከሸጠ የደንበኛውን ካምቢዮ በገዛ እጁ ይገድላል።

ከዚህም በላይ ያገለገለ ወይም የታደሰ ካምቢዮ የሚሸጥ ሰው በደረሰኙ ላይ የካምቢዮውን ምልክት፣ የዋስትናውን ዘመን፣ ዋስትናው የሚፈርስበትን ምክንያትም ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ዋስትና የጠብ መነሻ ነው። ገዢውም በበኩሉ ራዲያተሩና ቱቦው መታጠቡን የሚገልጽ የጋራዥ ደረሰኝ ይያዝ።

ሲገጠም የሚጠበቀው

ብዙ ደህና ካምቢዮ በመገጣጠም ስሕተት ተበላሽቷል። ኮንቨርተሩ በፖምፓው ላይ እስከ መጨረሻው መቀመጥ አለበት። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲጋጠም በኮንቨርተሩና ከሞተሩ በሚመጣው ስስ ሳሕን መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ሊታይ፣ ኮንቨርተሩም በእጅ ሊዞር ይገባል። ክፍተት ሳይኖር በቡሎን ኃይል እየሳቡ ማጋጠም ፖምፓውን ይሰብራል። ሳሕኑ የተሰነጠቀ እንደ ሆነም ይለወጥ።

ከሁሉ በላይ የሚበልጠው የማቀዝቀዣው መታጠብ ነው። አሮጌው ካምቢዮ ሲቃጠል ፍርፋሪው በቱቦዎቹ አልፎ በራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። አዲሱ ሲገጠም ይህ ቆሻሻ ተመልሶ ይገባበታል፤ መንገዱ የተዘጋ ከሆነም ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ ይቀራል። ስለዚህ ቱቦዎቹና ማቀዝቀዣው ይታጠቡ፤ ዘይቱ በነጻ ማለፉም ይረጋገጥ። ውሃና ዘይት የተቀላቀለበት መኪና ግን ራዲያተሩ ራሱ ይለወጥ። ከባድ ጭነት ለሚጭን መኪና ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ መጨመር ብልኅነት ነው።

ዘይቱ ጥቂት በጥቂት ይሞላ፤ ኬብሎቹ በፋብሪካው ልክ ይስተካከሉ፤ መኪናው መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎም በጭነት ይፈተን። 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ የዘይቱ ልክና መልክ እንደገና ይታይ።

በመጨረሻም ባለንብረቱ ከጋራዡ ሲወጣ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ይውጣ፤ «የቀድሞው ካምቢዮ በምን ሞተ?» የሚል። ጋራዡ «አርጅቶ ነው» ብቻ ብሎ ከመለሰ ምርመራው ገና አልተፈጸመም። «ራዲያተሩ ተዘግቶ ነበር፤ አጸዳነው» ወይም «ኬብሉ ላልቶ ነበር፤ አስተካከልነው» የሚል መልስ ያገኘ ነጋዴ ግን ካምቢዮ ብቻ ሳይሆን መፍትሔም ገዝቷል፤ ዕቃውንም ጭኖ ያለ ሥጋት ወደ ገበያው ሊሄድ ይችላል።